ያረጀ ማሊያ፣ የቆየ ፎቶግራፍና የጠቆረ ሜዳልያ ሳይጎዱ በፍሬም የማስቀመጥ ዝርዝር መመሪያ

አጎቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በደብረ ማርቆስ ለትምህርት ቤታቸው የእግር ኳስ ቡድን ይጫወቱ ነበር። ከዚያ ዘመን በእጃቸው የቀሩት አራት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ከጀርባው ቁጥር የተሰፋበት የጥጥ ማሊያ፣ ቡድኑ ተሰልፎ የተነሣው ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ፣ ጥብጣቡ የሳሳ አንድ ሜዳልያ፣ እንዲሁም ማሞ ወልዴ በጥቅምት 1961 ዓ.ም. የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማራቶንን ባሸነፈበት ሰሞን ቆርጠው ያስቀመጡት የጋዜጣ ገጽ። ከዓመታት በፊት ፎቶግራፉን ወደ አንድ ፍሬም ቤት ወስጄ ነበር፤ ባለሙያው ፎቶግራፉን ከመስታወቱ ጋር አጣብቆ፣ ከኋላው ኮምፔንሳቶ ደግፎ፣ በሚስማር መትቶ አስረከበኝ። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ፍሬሙን ስንከፍተው የፎቶግራፉ ገጽ በእርጥበት ለስልሶ መስታወቱን ይዞት ነበርና፣ ቀስ ብለን ልናላቅቀው ስንሞክር በሁለተኛው ረድፍ ከቆሙት የአንደኛው ተጫዋች ፊት እንደ ቅርፊት ተነሥቶ መስታወቱ ላይ ቀረ።

በጎጃም በብዙ ቤት፣ በሣጥን ሥር ወይም በቁም ሳጥን ውስጥ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ አለ። አንዱ ዘንድ የሩጫ ምስክር ወረቀት፣ ሌላው ዘንድ የቆዳ ኳስ፣ ሌላው ዘንድ ደግሞ የገና ጨዋታ ዱላ ወይም የጉግስ ጋሻ ይገኛል። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሥራ ሁሉ በአንድ ደንብ ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም በዕቃው ላይ የሚያደርጉት ማንኛውም ነገር፣ ዕቃው አንዳች ሳይጎድልበት ተመልሶ ሊፈታ የሚችል መሆን አለበት የሚል ነው። ሙጫ፣ ስኮች፣ ስቴፕለርና ላሚኔት ይህን ደንብ ስለሚያፈርሱ ዕቃውን ራሱን መንካት የለባቸውም።

መጀመሪያ መመዝገብ

ዕቃውን ከማንቀሳቀስዎ በፊት ባለበት ሁኔታ ከፊትም ከኋላም በቀን ብርሃን ፎቶ ያንሡት። ቀዳዳውን፣ የተላጠውን፣ የቆሸሸውንና ቀድሞ የተጠገነውን ቦታ ሁሉ በቅርበት ያንሡ፤ ከዓመት በኋላ አንድ ነጠብጣብ አዲስ ይሁን የቆየ የሚለዩት በዚህ ብቻ ነው። ፎቶግራፍ ከሆነ በስካነር በአንድ ኢንች 600 ነጥብ፣ ጋዜጣና ምስክር ወረቀት ከሆነ 300 ነጥብ አድርገው ያስነሡና ቅጂውን ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ያስቀምጡ።

ቀጥሎ ታሪኩን ይጻፉ። ማሊያውን ማን ለበሰው፣ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ሜዳ፣ ከማን ጋር ሲጫወቱ? በፎቶግራፉ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የቆሙት እነማን ናቸው? ይህን የሚያውቁት አዛውንት በሕይወት ሳሉ አጠገባቸው ተቀምጠው፣ እየጠቆሙ እንዲነግሩዎ ማድረግ ከሥራው ሁሉ የሚቀድም ተግባር ነው። እኛ ፊታቸው የጠፋብንን ተጫዋች ስም ለመጠየቅ በተነሣንበት ጊዜ አጎቴ ራሳቸው ረስተውት ነበር። ስሞቹን በተለየ ወረቀት ላይ በእርሳስ ይጻፉ፤ በፎቶግራፉ ጀርባ መጻፍ ግድ ከሆነም ጠርዙ ላይ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫኑ ይጻፉ። የእስክሪብቶ ቀለም ከጊዜ በኋላ ወደ ፊት ዘልቆ ይወጣል።

ዕቃው ከምን እንደ ተሠራ መለየት

የጉዳቱ ምክንያት እንደ ዕቃው ዓይነት ይለያያል። ጋዜጣ የሚታተምበት ወረቀት ከተፈጨ እንጨት ስለሚሠራ በውስጡ ያለው ሊግኒን የተባለ ንጥረ ነገር ብርሃንና አየር ሲያገኘው አሲድ ያመነጫል፤ ወረቀቱ የሚቢጫውና እንደ ደረቀ ቅጠል የሚሰባበረው ከውስጥ በሚነሣ ምክንያት ነው። የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ምስል የብር ቅንጣቶች በጄላቲን ንጣፍ ውስጥ ተይዘው የሚፈጥሩት ሲሆን፣ ጄላቲን እርጥበት ሲያገኝ አብጦ ይጣበቃል፤ በእኛ ፎቶግራፍ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። የጥጥና የሱፍ ማሊያ ብርሃን ያደበዝዘዋል፣ ሱፉን ደግሞ ብል ይበላዋል። ከናይለንና ከፖሊስተር የተሠሩት ማሊያዎች ብል አይፈሩም፤ ነገር ግን በሙቀት የተለጠፈ የፕላስቲክ ቁጥር ካላቸው ቁጥሩ ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል፣ ከነካውም ነገር ጋር ይጣበቃል። የቆዳ ኳስ ከደረቀ በአየር መንፋትም ሆነ በቅባት ማሸት አይገባም፤ ቅርጹን እንዲይዝ ከተፈለገ ባለው ክፍተት በኩል ንጹሕ ጨርቅ ሳያጨናንቁ መሙላት ይበቃል።

ሥራውን ሲጀምሩ እጅዎን በሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ወረቀትና ጨርቅ በንጹሕ እጅ ቢነኩ ይሻላል፤ ፎቶግራፍና ብረት ግን የጣት ላብ ምልክት ስለሚተውባቸው ንጹሕ ጓንት ያስፈልጋል።

ብልና ሻጋታ ከዕቃው ጋር ወደ ፍሬም እንዳይገቡ

በሣጥን ውስጥ የኖረ የጥጥ ወይም የሱፍ ማሊያ የብል እንቁላል ሊኖርበት ይችላል። ማሊያውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያስገቡ፣ አየሩን አስወጥተው አጥብቀው ይዝጉትና ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት ያቆዩት። መብራት ጠፍቶ ፍሪዘሩ ከቀለጠ ቀኑን እንደገና ከአንድ መቁጠር ያስፈልጋል። ሲያወጡት ከረጢቱን ወዲያው አይክፈቱ፤ ጠሉ ከላስቲኩ ውጭ እንዲቀር አንድ ሙሉ ቀን ክፍሉ ውስጥ ይቆይ። ፎቶግራፍ፣ ቀለም የተቀባ ዕቃና ሜዳልያ በዚህ መንገድ አይታከሙም። ናፍታሊን በፍሬም ውስጥ ማስቀመጥ የተለመደ ቢሆንም፣ ትነቱ አንዳንድ ፕላስቲኮችን ስለሚያለሰልስና ለሰውም ጤና ስለማይበጅ አልመክረውም።

ሻጋታ ካዩ እርጥብ ሳለ አይጥረጉት፤ ይሰራጫል። በጥላ ሥር ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ከደረቀ በኋላ፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ ከቤት ውጭ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉት።

ማሊያውን በመርፌና በክር መያዝ

ይህ ከሁሉም ረጅሙ ሥራ ስለ ሆነ ሁለት ሙሉ ቀን ይመድቡለት። ማሊያውን አይጠቡት፣ ካውያም አያስነኩት። ጭቃው የዚያ ጨዋታ ጭቃ ሊሆን ይችላል፤ ያረጀ ክርም ውኃ ሲነካው ይበጠሳል፣ የቁጥሩ ቀለምም ይለቃል። አቧራውን ብቻ ለማስወገድ ንጹሕ የአጎበር ቁራጭ በማሊያው ላይ ዘርግተው፣ በአጎበሩ ላይ የአቧራ መሳቢያ ማሽን በዝቅተኛ ኃይል ቀስ እያደረጉ ያሳልፉ። አጎበሩ የላላው ክር ወደ ማሽኑ እንዳይሳብ ይከለክላል። ማሽኑ ከሌለ በለስላሳ ብሩሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ መጥረግ ይበቃል።

ለመደገፊያ የሚሆነው ጨርቅ በየገበያው የሚገኘው አቡጀዲ ነው፤ ያልተቀለመ፣ ነጭ ወይም ቡላ ይሁን። አዲስ አቡጀዲ ሲሸመን የተቀባው ስታርች ስላለበትና ስታርቹ ነፍሳትን ስለሚስብ፣ ያለ በረኪና በሙቅ ውኃ ሁለት ጊዜ አጥበው፣ ሳሙናው ፈጽሞ እስኪለቅ አለቅልቀው ያድርቁት።

ቀጥሎ በማሊያው ውስጥ የሚገባውን ቅርጽ ያዘጋጁ። ማሊያውን በትልቅ ወረቀት ላይ ዘርግተው ዙሪያውን ከራቅ አድርገው በእርሳስ ይለኩ፣ ከዚያም ከልኩ በየጎኑ አንድ ሴንቲሜትር ቀንሰው ይቁረጡ። በዚህ ልክ ቅርጹን የሚሠሩት ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ሲሸጥ ከሚጠቀለልበት፣ እንደ ጨርቅ ከሚተጣጠፈው ነጭ ፖሊኢትሊን ፎም ነው፤ ሁለት ሦስቱን ደራርበው በአቡጀዲ ይሸፍኑትና ማዕዘኖቹን ያድቦልቡሏቸው። እንደ ጨው ፍሬ የሚረግፈውን ነጭ ፎምና የፍራሽ ስፖንጅን አይጠቀሙ፤ ስፖንጁ በጥቂት ዓመት ውስጥ ቢጫ ዱቄት ሆኖ ማሊያው ላይ ይቀራል። ለእጅጌዎቹ ፍሬው በጥንቃቄ የተለቀመለት፣ ተቀቅሎ የደረቀ ባዘቶ በአቡጀዲ ጠቅልሎ ማስገባት ይበቃል። ዓላማው ጨርቁ ታጥፎ በሹል መስመር እንዳይሰበርና ክብደቱ በትከሻው ብቻ እንዳይንጠለጠል ነው።

አሁን ማሊያውን ከነቅርጹ አቡጀዲ በለበሰው መደገፊያ ሰሌዳ ላይ ያስተኙና ይስፉት። ቀጭን መርፌና ቀጭን የጥጥ ክር ይጠቀሙ። መርፌው የጨርቁን ክር ሳይወጋ በክርና በክር መካከል እንዲያልፍ ዓይንዎን አቅርበው ይሥሩ፤ በመጀመሪያው ማሊያ እኔ አንዲቱን የትከሻ ስፌት ለመጨረስ አንድ ሰዓት ፈጅቶብኛል፣ ጊዜውም የሚያስቆጭ አልነበረም። መርፌው የሚገባው ድርብ በሆነው ቦታ፣ ማለትም በትከሻው ስፌት፣ በኮሌታው የኋላ ጠርዝ፣ በጎኖቹ መገጣጠሚያና በታችኛው እጥፋት ውስጥ ብቻ ነው። በስፌት መካከል አራት ሴንቲሜትር ያህል ይራቁ፤ ክሩን አያጥብቁት፣ ማሊያው እርጥበት ሲያገኝ ሰፋ፣ ሲደርቅ ጠበብ ስለሚል መንቀሳቀሻ ይፈልጋል። በቁጥሩና በዓርማው ላይ ፈጽሞ አይስፉ። መርፌ ቁልፍና ስፒል ስለሚዝጉ አይጠቀሙባቸው። ጨርቁ በእጅዎ ላይ ሲነካ የሚቀደድ ከሆነ ደግሞ መስቀሉን ይተዉት፤ በሣጥን ውስጥ በጀርባው አስተኝተው ያኑሩትና ግድግዳው ላይ ጥሩ ፎቶውን ይስቀሉ።

የማሊያ ፍሬም ጥልቀት ከአምስት ሴንቲሜትር ማነስ የለበትም፣ ጨርቁና መስታወቱም ቢያንስ አንድ ሴንቲሜትር ይራራቁ።

ፎቶግራፍ፣ ምስክር ወረቀትና ጋዜጣ

ፎቶግራፍ መስታወት መንካት የለበትም። በመካከላቸው ልክ እንደ መስኮት የተቆረጠ ወፍራም ካርቶን ይገባል፤ ውፍረቱ ሦስት ሚሊሜትር ከደረሰ ይበቃል፣ ካልደረሰ ሁለት ይደራረባል። ካርቶኑ ከአሲድ ነፃ ቢሆን ይመረጣል፤ የሥዕል ዕቃ ከሚሸጡ መደብሮች ይጠይቁ። የቡናማው ካርቶን ሣጥንና የኮምፔንሳቶ አሲድ ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ቢጫ ጥላ ይተዋል።

ፎቶግራፉን ከኋላው ካርቶን ጋር ለማያያዝ ሙጫ አያስፈልግም። ከጥሩ ነጭ ወረቀት አራት ትንንሽ ሦስት ማዕዘን ኪሶች አጥፈው በፎቶግራፉ አራት ማዕዘን ያጥልቁ፣ ከዚያም ኪሶቹን ብቻ፣ ፎቶግራፉን ሳይነኩ፣ ከካርቶኑ ጋር ይለጥፉ። መስኮቱ ኪሶቹን ይሸፍናቸዋል። ፎቶግራፉን ማውጣት ሲፈልጉ ጎበጥ አድርገው ይስቡታል፣ ምንም ሳይጎዳ ይወጣል።

ፎቶግራፉ አስቀድሞ መስታወት ላይ ተጣብቆ ከሆነ አያላቅቁት፣ ውኃም አይርጩበት። ከነመስታወቱ ስካን ያስደርጉትና ከነመስታወቱ ያኑሩት። እኛ ይህን ብናውቅ ኖሮ ያ ፊት ዛሬም በቦታው ነበር።

ስለ ላሚኔት አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ምስክር ወረቀትን ለማቆየት ብሎ ላሚኔት ማስደረግ በየከተማው የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ማሽኑ በሙቀት የሚያቀልጠው ፕላስቲክ ወደ ወረቀቱ ቃጫ ውስጥ ስለሚገባ ተመልሶ የሚለይበት መንገድ የለም። በወረቀቱ ውስጥ ያለው አሲድም አብሮ ታሽጎ ሥራውን ይቀጥላል። ላሚኔት የሚደረገው ቅጂው ብቻ ይሁን።

ለጋዜጣ የምመክረው ከዚህም የጠነከረ ነው። ዋናውን አይስቀሉት። በጥሩ ወረቀት ላይ በልኩ የታተመ ቅጂ ይስቀሉ፣ ዋናውን ግን ሳያጥፉ በነጭ ወረቀት መካከል አድርገው በጨለማ ቦታ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀመጥ። የማሞ ወልዴ ገጽ በቤታችን የሚገኘው በዚህ ሁኔታ ነው፤ እንግዳ ቅጂውን አይቶ ይደሰታል፣ ዋናው ደግሞ ከብርሃን ርቆ ዕድሜውን ያራዝማል።

ሜዳልያ

ሜዳልያን በአመድና በሎሚ፣ በአሸዋ ወይም በብረት ማጽጃ አይወልውሉ። በእያንዳንዱ ውልወላ የፊደሉና የምስሉ ጠርዝ ይበላል፤ የወርቅ ቅብ ከሆነማ ቅቡ በአንድ ቀን ይጠፋል። ጥቁረቱ የዕድሜው መልክ ነውና ይቆይ፤ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ማንሣት ብቻ ይበቃል። ሜዳልያው በልኩ በተቆረጠ የፖሊኢትሊን ፎም ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ፣ ጥብጣቡ በአቡጀዲ ላይ በላላ ስፌት ይያዝ። ከጎማና ከሱፍ ያርቁት፤ ከእነርሱ የሚወጣው ድኝ ብርንና ነሐስን ያጠቁራል። በዚህም ምክንያት ሜዳልያንና የሱፍ ማሊያን በአንድ ፍሬም መዝጋት፣ ለዓይን ቢያምርም፣ ትክክል አይደለም።

ፍሬሙ፣ መስታወቱና የሚዘጋበት ወር

ለፍሬም ዋንዛ መልካም እንጨት ነው፤ ለአናጺ ይታዘዛል፣ ምስጥንም ከባሕር ዛፍ ይልቅ ይቋቋማል። ይሁን እንጂ ማንኛውም እንጨት አሲድ ያለው ትነት ስለሚያወጣ የፍሬሙን የውስጥ ጎን በአልሙኒየም ፎይል ያልብሱት። ቫርኒሽ ከተቀባ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ነፋስ ላይ ይቆይ።

ተራ የመስኮት መስታወት ቀለም ከሚያደበዝዘው፣ ለዓይን ከማይታየው አልትራቫዮሌት የተባለ የፀሐይ ጨረር ብዙውን ያሳልፋል። ጨረሩን የሚከለክል መስታወት ወይም አክሪሊክ (እንደ መስታወት ጥርት ያለ ፕላስቲክ) ማግኘት ከተቻለ ዋጋው ቢከብድም የሚያስቆጭ አይደለም። ለማሊያ አክሪሊክን እመርጣለሁ፤ ሦስት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መስታወት በካሬ ሜትር 7.5 ኪሎ ግራም ሲመዝን አክሪሊክ 3.6 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ ተጭኖ የዓባይን በረሃ ሲወርድና ሲወጣም በቀላሉ አይሰበርም። ነገር ግን አክሪሊክ ሲታሸት ቅንጣቶችን ወደ ራሱ የሚስብ የኤሌክትሪክ ሙል ስለሚይዝ፣ ቀለሙ የሚረግፍ ዕቃ ካለዎት መስታወት ይሁን።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ፤ እርሱም ፍሬሙ የሚዘጋበት ጊዜ ነው። በሐምሌ የተዘጋ ፍሬም የሐምሌን አየር ይዞ ይቀራል። ሌሊት መስታወቱ ሲቀዘቅዝ ያ እርጥበት ጠል ሆኖ በውስጥ ይወርዳል። ስለዚህ ዝግጅቱን በማንኛውም ጊዜ ቢሠሩም መዝጋቱን ለታኅሣሥ፣ ለጥር ወይም ለየካቲት ያቆዩት። በባሕር ዳርና በጣና ዳር ላሉ ቤቶች ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። ካርቶኑ፣ አቡጀዲው፣ ፍሬሙና ዕቃው አንድ ሳምንት በአንድ ደረቅ ክፍል ውስጥ ተከፍተው ከቆዩ በኋላ፣ በፀሐያማ ቀን ከቀትር በኋላ ይዝጉት። ጀርባውን በሚስማር ሳይሆን በብሎን ይያዙት፤ የስሞቹን ዝርዝር ቅጂ በፖስታ አድርገው ከጀርባው በውጭ በኩል ያስቀምጡ። በዙሪያው ያለውን ስንጥቅ አቧራና ነፍሳት እንዳይገቡ በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ።

የሚሰቀልበት ቦታና መጋረጃው

ዝናብ የሚመታውን የውጭ ግድግዳ ይተዉና በሁለት ክፍል መካከል ያለውን ግድግዳ ይምረጡ። ከምድጃ፣ ከከሰልና ቡና ከሚፈላበት ቦታ ይራቅ፤ የዕጣንና የከሰል ጭስ በመስታወቱ ጠርዝ ገብቶ ጨርቁ ላይ ያርፋል። በጭቃ ቤት ውስጥ ሚስማሩ ጭቃውን ሳይሆን ቋሚውን እንጨት መያዝ አለበት፤ በብሎኬት ቤት ደግሞ በፊሸርና በብሎን ይያዝ። ለማሊያ ፍሬም ሁለት መስቀያ ያድርጉ። ከፍሬሙ ጀርባ በአራቱ ማዕዘን የተቆረጠ የጠርሙስ ቡሽ ይለጥፉ፤ በፍሬሙና በግድግዳው መካከል አየር እንዲያልፍ ያደርጋል።

ብርሃን ያጠፋውን ቀለም የሚመልስ ነገር የለም። የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነችው ደብረ ማርቆስ የቀትር ፀሐይ የምታደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። ቤተ መዘክሮች ለአሮጌ ጨርቅና ወረቀት የሚፈቅዱት ብርሃን 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ያህል ነው፤ ይህም በመስኮት አጠገብ ካለው ብርሃን እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ፍሬሙ ከመስኮት ትይዩ አይሁን፣ አምፖሉም ኤልኢዲ ይሁን።

ከሁሉም የሚሻለውን መፍትሔ ግን ያገኘሁት በዘጌ ነው። በኡራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕሎች መጋረጃ ይሸፍናቸዋል፤ ጎብኚ ሲመጣ መጋረጃው ይገለጣል፣ ሲሄድ ይመለሳል። እኔም በማሊያው ፍሬም ላይ በቀጭን ዘንግ የታጠበ አቡጀዲ ደርቤ ሰቀልሁበት። አጎቴ እንግዳ ሲመጣ ራሳቸው ተነሥተው ይገልጡታል፣ ተረኩን ሲጨርሱ ይመልሱታል። ማሊያው በዓመት ውስጥ ብርሃን የሚያየው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው።

በየሁለት ወሩ ፍሬሙን ሳያወርዱ በእጅ ባትሪ ከጎን እያበሩ ይመልከቱት፤ በታችኛው ጠርዝ የተጠራቀመ ደቃቅ ዱቄት የነፍሳት፣ በመስታወቱ ውስጥ የሚታይ ጉም ደግሞ የእርጥበት ምልክት ነው። በመስከረም፣ ዝናቡ እንዳቆመ፣ አውርደው ጀርባውን ይዳስሱ። ቀዝቅዞ ወይም ረጥቦ ካገኙት በደረቅ ክፍል ውስጥ ጀርባውን ፈትተው አንድ ሳምንት ያቆዩት፣ በታኅሣሥም እንደገና ይዝጉት። ከመጀመሪያ ቀን ካነሡት ፎቶ ጋርም ያስተያዩት፤ ቀለሙ የለወጠ ከመሰለዎ ማሊያውን አውጥተው ለአንድ ዓመት በጨለማ ሣጥን ያሳርፉት።